የሳቅ ብድር

ዛሊካ ወንዙ ዳር ተንበርክካ የብረቱን ምሰሶ ቀለም ትቀባ ነበር። ከታች ቢጫ፣ ከሱ በላይ ብርቱካናማ፣ ከሁሉም በላይ ቀይ። ብሩሹ ፀጉሩ ስለረገፈ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላው ነበርና ዳር ዳሩን በጣቷ ጫፍ ታስተካክላለች። ቀዩ በጥፍሮቿ ሥር ገብቷል። ወንዙ ሲርባ በበጋው ሟሽሾ በአሸዋው መሃል እንደ ገመድ ቀጥኗል። ክረምት ሲገባ ግን የመንደሩ ሰው ውሃው የትኛው ቀለም ላይ እንደደረሰ እያየ ነው ልጁንና ፍየሉን ይዞ ወደ ኮረብታው የሚወጣው።

"ባሪያዬ፣" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣ "ቀዩን ወፈር አድርጊው። ያኔ ቀጭን ስለነበር እኮ ነው ውሃው ሳያየው ያለፈው።"

የሩዝ ማሳዎቹ ኃላፊ ሐሱሚ ነበር፤ የእናቷ ወንድም ልጅ። ዛሊካ ዞር ሳትል መለሰችለት።

"ቀለም ከተረፈኝ ጥርስህን እቀባልሃለሁ። እሱም ቢጫ ላይ ከደረሰ ቆየ።"

ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሳቁ። ሐሱሚም ከሁሉም በላይ ሳቀና ሄደ። ዛሊካም ፈገግ አለች፤ እጇ ግን ብሩሹን አንቆ ይዞት ነበር።

በእኛ በዛርማዎች ዘንድ የወንድም ልጅና የእህት ልጅ የሳቅ ዘመዶች ናቸው። ባሪያዬ ይባባላሉ፤ አንዱ የሌላውን ዶሮ አርዶ ቢበላ ይሳቅለታል። መቆጣት ብቻ አይቻልም። የሳቅ ዘመዱን የተቆጣ ሰው ዘመድነቱን እንደሸጠ ይቆጠራል። ይቅርታ መጠየቅም የለም፤ ቀልድ ይቅርታ አያስፈልገውማ።

ዛሊካ የመንደሩን የማስጠንቀቂያ ስልክ የምትይዝ ሴት ናት። ወንዙ የሚመጣው ከጎረቤታችን አገር ከቡርኪና በኩል ነው። ሁለቱ አገሮች ተስማምተው፣ ከድንበሩ ማዶ ዬምፓቡ የምትባል ሴት ውሃውን እያየች ለዛሊካ ትደውላለች፤ ዛሊካ ደግሞ በየቤቱ ትናገራለች። ለዓመታት በድምፅ ብቻ ነበር የሚተዋወቁት።

በዚያ ክፉ ክረምት፣ ከቀትር በኋላ፣ ዬምፓቡ ደወለች። "ቀዩን አልፏል። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ እናንተ ጋ ነው።" ዛሊካ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ በየደጁ እየሮጠች ተናገረች። ሴቶቹ ምንጣፋቸውን መጠቅለል ጀምረው ነበር። ሐሱሚ መስጊዱ አጠገብ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳቀ።

"ዛሊካ ዛሬ ደግሞ ወንዙን በራሷ ተሸክማ አመጣችልን! ትናንት ግመል ሩዝህን ጨረሰው ብላ እስከ ማሳው ድረስ አሩጣኛለች። የሳቅ ዘመዴ እኮ ናት። ግቡ፣ ግቡ።"

እውነትም አሩጣው ነበር። ሰዉ ሳቀና ምንጣፉን መልሶ አነጠፈ። የዛሊካ እናት አሮጊቷ ቢባታ ግን ልጇን አምና ድስቷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሐሱሚ የወንድሟ ልጅ ነውና ክንዷን ደግፎ አስገባት። "አክስቴ፣ ግቢና ተኚ። ውሃው ከመጣ እኔው መጥቼ አንኳኳልሻለሁ።" ዛሊካ ያን ጊዜ ለታችኛው መንደር ልትናገር ሄዳ ነበር። የታችኛው መንደር ሰው ሰምቶ ወጣ። የቢባታ የጭቃ ግድግዳ ግን ሊነጋጋ ሲል ውሃው ሸርሽሮት ላይዋ ላይ ወደቀ። ማንም አላንኳኳም።

በለቅሶው ላይ ሐሱሚ መጣ። የሳቅ ዘመድ ለቅሶ ላይ መቀለድ አለበት፤ ወጉ ነው። የሟቿን ሻሽ አስሮ፣ እንደሷ እያነከሰ፣ "ውሃ ቅዱልኝ ብል እምቢ አላችሁ፣ ይኸው ራሱ መጣልኝ" አለ። ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ ዛሊካ ዞረ። ዛሊካ ሳቀች። ያቺ ሳቅ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቀረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷም ቀን ጠበቀች።

ቀለሙ በደረቀ ማግስት እንግዶቹ መጡ፤ ከሁለቱም አገሮች፣ በሁለት መኪና። ለሚመጣው ክረምት ሊመክሩ ነው፤ የትኛው ቤት ከዳሩ ይነሳ፣ ማስጠንቀቂያውን በመንደሩ ማን ይምራ። ለሚመራው ሞተር ብስክሌት ይሰጠዋል፤ ከማዶዎቹ ጋር ለመመካከርም ድንበር ይሻገራል። ስልኩም ከዛሊካ እጅ ወደ እሱ እጅ ይገባል። ሐሱሚ ነጭ ቦቦውን፣ ሰፊውን የክት ቀሚሱን፣ በስታርች አድርቆ ከፊት ተቀምጧል። ይምራ ብለው ስሙን የጠሩት ሽማግሌዎቹ ነበሩ።

ከመኪናው አንዲት አጭር፣ ወፍራም ሴት ወረደች። ዛሊካ ድምፅዋን ስትሰማ አወቀቻት። "በስልክ ረጅም ትመስዪኝ ነበር" አለቻት ዬምፓቡ አቅፋት። ከዚያ ተቀምጣ ለሁሉም ተናገረች።

"አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ዓመት ደውያለሁ። ደጋግሜ ነው የተናገርኩት። እዚህ ሰው ሞተ ሲባል እህል መቅመስ አቃተኝ። ቃሌ የት ወደቀ?"

ሐሱሚ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኔትወርኩ ነው፣ እህቴ። መልእክቱ ተቆራርጦ ደረሰን።"

ዛሊካ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች።

"ባሪያዬ ደግሞ መዋሸት ጀመረ" አለች። ሰዉ ሳቀ። "እንግዶች ምሳችሁን ከመብላታችሁ በፊት ባሪያዬን ላሳያችሁ።"

ሻሿን ፈትታ እንደሱ ቆብ አደረገችው፤ ሆዷን ነፋች፤ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሳሳቁ ራሱ ነበር። "ዛሊካ ወንዙን በራሷ ተሸክማ አመጣችልን! ግቡ፣ ግቡ!" ሴቶቹ ተንከተከቱ። ቀጥላ ተነሳችና የሌለ ክንድ ደግፋ፣ ዝግ ብላ ወደ ዬምፓቡ ተራመደች። "አክስቴ፣ ግቢና ተኚ። ውሃው ከመጣ እኔው መጥቼ አንኳኳልሻለሁ።"

ከዚያ በሌለ በር ፊት እጇን አንስታ፣ ሳታንኳኳ ቆመች።

ሳቁ ከኋላ በኩል እየሳሳ መጥቶ ቆመ። ሐሱሚ ግን ማቆም አይችልም፤ ካቆመ መቆጣቱ ነው። ብቻውን ሳቀ። ላቡ በአንገቱ ወርዶ የቦቦውን ስታርች አራሰው።

"ቀልድ ነው ወይስ እውነት?" አለች ዬምፓቡ።

"ቀልድ ነው" አለች ዛሊካ ሻሿን መልሳ እያሰረች። "ካልሆነ ራሱ ይናገር።"

ሐሱሚ ሳቀ። ዬምፓቡ ወደ መንደሩ አለቃ ዞር ብላ "እኔ ለዚህ ሰው አልደውልም" አለች። አለቃውም መሬት መሬት እያየ ሌላ ሰው እንደሚፈለግ ተናገረ። የዛሊካ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አለቃው አስጠራት። መዳፏ ላይ ጎሮ አኖረላት፣ ሰው ሲስማማ የሚሰጣጠውን መራራ ቀይ ፍሬ።

"ልጄ፣ ለሐሱሚ አድርሺለት። ጎሮው ከደረሰው የተባለው ሁሉ ቀልድ ነበር ማለት ነው፤ ነገ ቀና ብሎ ገበያ ይወጣል። ካልደረሰው ግን ታውቂዋለሽ፤ ከእንግዲህ አብሮት የሚስቅ የለም።"

"እሺ አባ" አለች በሁለት እጇ ተቀብላ።

የሐሱሚ ቤት በቀኝ ነው። ሚስቱ በሩ ላይ አዲስ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ዶኑ የሚባለውን የማሽላ መጠጥ በቅል አስቀምጣ፣ ጎሮውን የሚያመጣ ሰው እየጠበቀች መንገዱን ታያለች። ዛሊካ ጎሮውን በሽርጧ ጫፍ ቋጠረችና በግራ በኩል ወደ ሽንኩርት መደቧ ወረደች። አንድ በአንድ አጠጣቻቸው። ቢጫ ቅጠላቸውን ለቀመች። ቀና ስትል የሐሱሚ ሚስት ምንጣፉን ስትጠቀልል አየቻት፤ ዛሊካ ጎንበስ አለችና ቀጣዩን መደብ ማጠጣት ጀመረች።