የሂጃቤ ማግኔት

እኛ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ለመስክ ካርታ ሥራ ከሚሴ ስንወርድ እንደኔ የተኮፈሰ አልነበረም። አገሬ ነዋ! የጨፋን ሸለቆ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መምህራችን ስልኮቻችንን ሰብስቦ መኪናው ውስጥ ቆለፈባቸውና «ያላችሁበትን ቦታ በኮምፓስ ፈልጉ» አለን። ማንም ሳይጠይቀኝ ኮምፓሱን ያዝኩ። እርሳሱና ካርታው ለጓዴ ደረሰው፤ የሰንበቴ ከተማ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮረብታ ላይ ቆሜ ወደ ሦስት የታወቁ ቦታዎች አነጣጥራለሁ፤ ወደ ከተማው መስጊድ ሚናራ፣ ወደ ድልድዩ፣ ወደ ማዶው ተራራ ጫፍ። እሱ የማነብለትን ቁጥር ይዞ ካርታው ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሮቹ የተገናኙበት ቦታ ላይ ቆመናል ማለት ነው። የኛዎቹ የተገናኙት ቦርከና ረግረግ ውስጥ ነበር።

መምህሩ ካርታውን አይቶ «ድንጋይ የምትመቱት ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ነው እንዴ?» አለ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ጓዴ በላጲስ አጥፍቶ እንደገና አሰመረ፤ አሁንም ረግረግ። «የማስመሩ ሥራ ያንተ ነው፤ ካላስተካከልክ ዜሮ ነው የምሰጥህ» አለው መምህሩ። እኔም አላረፍኩም፣ «ማስመሪያ አያያዝ የት ነው የተማርከው?» ብዬ ጨመርኩበት። ላጲሱን አንስቶ እንደገና መፋቅ ጀመረ።

ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፓሱን አገጬ ሥር አስጠግቼ ሳነጣጥር መርፌው ወደ አንገቴ ዞረ። ራሴን ወደ ጎን ባደርግ ተከተለኝ። ያኔ ገባኝ። ስፒል ጨርቅ ይቀድዳል ብዬ ከከሚሴ ገበያ የገዛኋት፣ ሂጃቤን አገጬ ሥር ግጥም አድርጋ የያዘች ትንሽ ማግኔት አለች። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

የዚያ ኮረብታ ነፋስ አይጣል ነው። ማግኔቷን ባነሳት ሂጃቤ ይወርዳል፤ ዙሪያዬን ያሉት ደግሞ ወንዶች ናቸው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ጓዴን አየሁት፤ ደጋግሞ የፋቀው ወረቀት ሊቀደድ ደርሷል። እሱ አሁንም ስህተቱን ከራሱ እጅ ላይ ይፈልጋል።

አነሳኋት።

«ወላሂ የሱ ጥፋት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ኮምፓሱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ በዚች ማግኔት!» ለማሳየት እጄን ከፍ ሳደርግ ነፋሱ ሂጃቤን ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ ጸጉሬ ተበተነ። ሳቁ ፈነዳ። በማግኔቷ ይሁን በጸጉሬ እስካሁን አላውቅም። አፈርኩ፤ ከጸጉሬ ይበልጥ ግን ስለ ማስመሪያው የተናገርኩት ነበር የሚያንገበግበኝ።

ጓዴ አልሳቀም። ኮምፓሱን ከእጄ ወሰደና ጀርባውን ሰጠኝ። ራሱ አነጣጠረ፣ ራሱ አሰመረ። መስመሮቹ የቆምንበት ኮረብታ ላይ ሲገናኙ በትከሻው በኩል አየሁ።

«ተስተካክሏል፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝ ወደ ሸለቆው እንዳየ። «ሸፍነሻል? ልዙር?»

ካሰርኩት ቆይቷል። ፊቴን እንዳያይብኝ ግን ዝም አልኩ።