የአባቴ የከሰል ካውያ

ነቀምቴ ነው። ጡረታዬ ተቃርቧል፤ መሥሪያ ቤቴ ግን ስልጠና አስገባኝ። ወጣቱ አሰልጣኝ «በየቀኑ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሱ፤ ታድጋላችሁ!» ሲል፣ መብራት የጠፋበት የጎረቤት ልብስ ሰፊ ያቀጣጠለው የከሰል ካውያ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ደሜ ፈላ።

አባቴ በንጉሡ ዘመን እዚሁ ከተማ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ያቺን አንድ ኮቱን ይተኩሳል፤ ከዚያ የእጅ ጽሕፈቱን ይለማመዳል። ቢሮው ሲከፈት በር ላይ የሚገኘው እሱ ነው። የዋና ጸሐፊነቱ ቦታ ሲለቀቅ ግን ሹሙ ለሌላ ሰው ሰጡት። ያ ሰው ሥራ የሚገባው አርፍዶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሹሙ ደጅ ቆሞ እጅ ይነሳል፣ በቅሏቸውን ይይዛል። ደብዳቤውን እንኳ የሚያስጽፈው አባቴን ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ አዳዳ፣ የአባቴ እኅት፣ ነጠላዋን ወርውራ ጮኸችበት።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ማለዳ መነሳቱንስ ታውቅበታለህ! ምነው ያንን ማለዳ እሳቸው ደጅ ብትቆምበት?»

በማግስቱ በዚያው ሰዓት የካውያው ሽታ ቀሰቀሰኝ። በንዴት ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።

አሰልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ተነስተን የማን ደጅ እንሂድ?»