መርዶ ነጋሪ ፍለጋ ወደ ሞላሌ

ከላምበረት መናኸሪያ የተነሣሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሹራብ፣ አንድ ነጠላና ለመንገድ የገዛሁት ዳቦ አለ። ሆዴ ውስጥ ያለው ግን ንዴት ብቻ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ለሰሚው ግራ ነው፤ የሥራ ባልደረባዬ የስንዱ ዘመዶች የእናቷን መሞት እንዲያረዷት ልለምን ነው የምሄደው። ስንዱ ደግሞ ይህን ካወቀች ቆይታለች።

ከመነሻው ላስረዳ። እኔና ስንዱ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶች ነን፤ የሆስፒታላችን ስም ይቅርብኝ። ኮሮና ሲገባ ሁለታችንም የኮሮና ሕሙማን የሚተኙበት ማዕከል ተመደብን። ያኔ አገሩ ሁሉ “ጀግኖቻችን” ይለን ነበር። በቴሌቪዥን ሲጨበጨብልን አብረው ያጨበጨቡት የስንዱ አከራይ፣ በማግስቱ ፍራሿን በረንዳ ላይ አውጥተው ጠበቋት። “አንቺን ጠልቼ አይደለም ልጄ፣ በሽታውን ፈርቼ ነው” አሏት። እሷም “ደህና፣ ምንም አይደል” ብላ ፍራሿን ተሸክማ ሄደች። ስንዱ ለሁሉም ነገር “ደህና” ነው መልሷ።

አንድ ቀን፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሞላሌ መጥተው በሽታው የያዛቸው አንድ ሽማግሌ ገቡ። እኔ የኦክስጅን ሲሊንደር ስቀይር ስንዱ ትራሳቸውን ታስተካክል ነበር። ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በፕላስቲክ ልብስ ተሸፍናለች፤ ሽማግሌው ግን በንግግሯ የአገራቸው ልጅ መሆኗን ለዩ።

“የማን ልጅ ነሽ?” አሏት። ነገረቻቸው።

“የአስካለ! አይ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያጥናሽ። ደግ ሴት ነበረች። ለቀብሯ እንኳ ሰው ሳይወጣላት...” አሉና ትንፋሽ አጠራቸው።

ስንዱ ትራሱን አስተካክላ ጨረሰች። መነጽሯ ከውስጥ ጉም ለበሰ። በዚያ ልብስ ውስጥ እንባ አይጠረግም፤ እጅ ወደ ፊት ከሄደ በሽታ ነው። ተረኛዋ እስክትመጣ ድረስ ሥራዋን ሠራች። ልብስ ስናወልቅ “ስንዱዬ” ብዬ ስጀምር ቀደመችኝ።

“አልሰማሁም። አንቺም አልሰማሽም። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ለቅሶ የለም። ደግሞስ ብወጣ ማን ይተካኛል?”

ሽማግሌውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ስንዱ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ስትደውል አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ። “እማዬስ?” ትላለች። “ደህና ናት፤ ጸበል ወርዳ ነው” ይሏታል። “ሰላም በሉልኝ” ብላ ትዘጋለች። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ሞት እነሱ ይደብቃሉ፤ እሷም ያላወቀች ትመስላለች።

ማዕከሉ ተዘግቶ ወደ ቀድሞ ክፍላችን ከተመለስን ወዲህ እጇን ትታጠባለች፣ ትታጠባለች፣ ቆዳው እስኪሰነጠቅ ትታጠባለች። እንቅልፍ የላትም። መድኃኒት እንደያዘች ኮሪደር ላይ ቆማ ትቀራለች። አለቆቻችን ምን አደረጉ? ለማርፈዷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። “የጤና ባለሙያዎች ውጥረትን እንዴት ይቋቋማሉ” የሚል ሥልጠናም ተዘጋጅቶ ነበር። ከእኛ ክፍል አንድ ሰው አልተጠራም። የቢሮ ሰዎች ሄደው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ውጥረታቸውን አራግፈው መጡ።

ባለፈው ሳምንት ስንዱ “ሥራውን ልተወው ነው፤ ታማሚ መንካት ፈራሁ” አለችኝ። በነጋታው የአጎቷን ቤት ከአንድ የአገሯ ልጅ ጠይቄ ትኬት ቆረጥኩ።

ጣርማበር

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ቀይሬ ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ፍሬን እየረገጠ፣ ወደ መንዝ መንገድ ታጠፈ። ረዳቱ ታሪፉ ላይ ሃምሳ ብር ጨምሮ “ጎማ ተወዷል” አለን። ከመዘዞ በኋላ ኮረኮንቹ አንጀቴን አዘለለው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና ወፍራም ጸጉር ያላቸው በጎች ናቸው። ብርዱ በተሰነጠቀው መስኮት ይገባል።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ማስኬን ትክ ብለው አዩት።

“በሽታው ጠፋ ተብሎ የለም እንዴ?”

“ከሬዲዮው ጠፍቷል እማማ” አልኳቸው።

“እንዴት ነው ከሬዲዮ የሚጠፋው?” ብለው ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም።

ሞላሌ

ከመናኸሪያው ወርጄ እየጠየቅሁ ከከተማው ወጣ ወዳለው መንደር አቀናሁ። የስንዱ አጎት ጋሽ ዘነበ፣ የሟቿ ወንድም፣ ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስንዱ ጋር እንደምሠራ ስነግራቸው ብድግ ብለው አስገቡኝ። ባለቤታቸው እትዬ ማሚቴ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡ። ጠላው ቀዝቃዛ ነው፤ ኩበቱ ቤቱን አሙቆታል። ደህና አድርጌ በላሁ፤ ተናድጄም ይርበኛል።

“ልጃችን ደህና ናት?” አሉ ጋሽ ዘነበ።

“አይደለችም” አልኩ።

በአገራችን ለሰላምታ እንዲህ ተብሎ አይመለስም። እትዬ ማሚቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔም ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሽማግሌውን፣ ጉም የለበሰውን መነጽር፣ የሚሰነጠቀውን እጅ።

“ታውቃለች? ይህን ሁሉ ጊዜ ‘ሰላም በሉልኝ’ ስትለን ታውቃለች?” አሉ እትዬ ማሚቴ።

“ታውቃለች። ለምን በስልክ አልነገራችኋትም?”

“በስልክማ የሚነገረው ከብት ሲጠፋ ነው” አሉ ጋሽ ዘነበ። “መርዶ ሰው ብቻውን ሳለ ይነገራል? ብትወድቅ ማን ይይዛታል? እንዳንመጣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ደግሞ ‘እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ’ ትለናለች ብለን አፈርን።”

“እናንተ ስታፍሩ ልጅቷ ልታብድ ነው እኮ ጋሼ!”

ድምፄ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። በሰው ቤት፣ የሰው እንጀራ በልቼ፣ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። ጋሽ ዘነበ አልተቆጡም። ባናቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

“እህቴን በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን የቀበርናት” አሉ ቀስ ብለው። “ከጤና ጣቢያ የመጡት ‘ተራራቁ፣ ለቅሶ አትቀመጡ’ አሉን፤ ታዘዝን። ባልታዘዝን በሽታው ይጨርሰን ነበር ይላሉ፤ ይሁን። ግን እኔም እርሜን አላወጣሁም የኔ ልጅ።”

ያንን “ተራራቁ” የሚለውን ቃል እኔም ስንት ቤተሰብ በር ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ትክክልም ነበር። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መራራቅን ያዘዘ ሁሉ፣ በሽታው ጋብ ሲል “አሁን ተሰብሰቡና አልቅሱ” ብሎ አላዘዘም። አገር ሙሉ እርሙን እንደያዘ ወደ ሥራው ግባ ተባለ።

“ነገ እንነሣለን” አሉ ጋሽ ዘነበ። “አንቺ ግን አፍሽን ዝጊ። መርዶው የእኛ ነው።”

መልስ

እሑድ ጋሽ ዘነበ፣ እትዬ ማሚቴና የሟቿ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከእኔ ጋር ተሳፈሩ። ለለቅሶተኛ የሚሆን አንድ ማዳበሪያ የገብስ ቆሎ ጭነዋል። ረዳቱ ጓዙን አይቶ “ሠርግ ነው ጋሼ?” አላቸው። “ወደ ልጃችን ነው” ብቻ አሉት። ከደብረ ብርሃን በኋላ እትዬ ማሚቴ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ንዴቴም ትንሽ አብሯቸው ተኛ።

ሌሊቱን እኔ ቤት አደሩ። ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ስንዱ ወደ ተከራየችው ቤት ሄድን። አንኳኩተን ሳንጨርስ በሩ ተከፈተ። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ እጇ ውኃ ያንጠባጥባል።

ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው።

“አሁን መጣችሁ?” አለች።

ጋሽ ዘነበ “ስንዱ ልጄ፣ እናትሽ” ብለው ሳይጨርሱ “እማዬ!” ብላ ጮኸች። እትዬ ማሚቴ ከኋላ ወገቧን ይዘዋታል። ጋሽ ዘነበ በሩን ተደግፈው እንደ ሕፃን አነቡ። ጎረቤት ወጣ፤ አግዳሚ ወንበር መጣ፤ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጠረ። ይህን ለማድረግ ሥልጠና የወሰደ ማንም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረቦቻችን ተረኛነታቸውን እየጨረሱ መጡ። ታማሚ ሲሞት ፊቷ የማይለወጠው የክፍላችን ኃላፊ ገና ከግቢው በር “ወይኔ አባቴ” እያለች ገባች። አባቷ የሞቱት በዚያው ሰሞን ነው፤ ለቅሶ አልተቀመጠችም ነበር። እኔ በእጃችን ላረፉት የሞላሌ ሽማግሌ አለቀስኩ። ሟቿ አንዲት እናት ናቸው፤ በዚያ ሸራ ሥር የተለቀሰው ለስንት ሰው እንደሆነ ግን እንጃ።

በማግስቱ የሐዘን ፈቃድ ልጠይቅላት ወደ አስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ከጀርባው የምስጋና ምስክር ወረቀታችን በፍሬም ተሰቅሏል።

“ሟች ከሞቱ ቆይተዋል ሲስተር፤ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል።”

“የተረዳችው ትናንት ነው።”

“እሱ ባህል ነው። መመሪያ ሌላ ነው።”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በሩን ከሚገባው በላይ አጮኼ ዘጋሁት።

ከመንዝ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች በመዘግየታቸው ስንዱን ጎድተዋታል፤ ቢሆንም ብትወድቅ ማን እንደሚይዛት ጠይቀው ነበር። ጀግና ያሉን ሁሉ ይህን አልጠየቁም።

ለቅሶው ላይ ተቀምጠን ሳለ የስንዱ ስልክ ጮኸ። የአስተዳደር ኃላፊው ነው። እኔ አነሣሁት።

“ሲስተር ስንዱ መቼ ነው የምትገባው?”

“መጀመሪያ እንዴት እንደሆነች ጠይቃት” አልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ለእሷ ሰጠኋት። ለቅሶተኛው ሁሉ ይሰማል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

“እ... ሲስተር ስንዱ፣ ደህና ነሽ?”

ስንዱ የተሰነጠቀ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

“ደህና አይደለሁም” አለች። “እናቴ ሞታለች።”