ለይቅርታ የሚሆን ድምፅ

የያዙኝ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በትህትና ስሜን ጠየቁኝ፤ በትህትና መለስኩላቸው፤ ከዚያ ስልኬን ተቀብለው ፒካፕ መኪና ውስጥ አስገቡኝ። የታሰርኩበትን ክፍል መጀመሪያ ያወቅሁት በሙቀቱ ነው። በሩ ሲከፈት የብዙ ሰው ትንፋሽና ላብ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ከወገባቸው በላይ ተራቁተው ግድግዳ የተደገፉ ሰዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። እኔ ግን ሸሚዜን አላወልቅም ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔዬ እስከ መግሪብ አዛን እንኳ አልቆየም።

የታሰርኩት በማብራሪያ ነው። አንድ ባለባጃጅ በርጫ ላይ ተቀምጦ የመሪያችንን ድምፅ ሲያስመስል የሚያሳይ ቪዲዮ ድሬን አዳርሶ ነበር። አብረውት ጫት የሚቅሙት ቀኑን ሙሉ የቤንዚን ወረፋ ላይ የዋሉ ሾፌሮች ናቸው። እሱም በዚያ ሁላችንም በምናውቀው ድምፅ፣ "ወረፋው የረዘመው ስላደግን ነው፤ ያላደገ ሀገር የሚሰለፍበትም የለው" እያለ እንኳን ደስ አላችሁ ይላቸዋል። እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ቪዲዮውን በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩና ከሥሩ በመሪ ላይ መቀለድ ለምን እንደሚያስቅ፣ ቀጥሎም ለምን ተገቢ እንደሆነ በአንቀጽ ከፋፍዬ ጻፍኩ። እንዳብራራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ባለባጃጁን ያገኘሁት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በቪዲዮው ግዙፍ መስሎኝ ነበር፤ ቀጭን፣ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ የበርጫው ቤት ባለቤት ናቸው። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ክፍሉ በሙሉ አባባ ይላቸዋል። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ባለባጃጁ ጭኑን መታ።

"ወላሂ? እኔ ቀልጄ ገባሁ፣ አንተ አስረድተህ!"

አባባ አልሳቁም። "ይኼ የሚያስቅ ነገር አይደለም" አሉ።

"አባባ፣ አንተ ራስህ ስቀሃል። ቪዲዮው ላይ አለህ" አላቸው ባለባጃጁ። በድሬ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው።

"ስቄያለሁ። ሳቅ ያመልጣል። 'ተገቢ ነው' የሚል ቃል ግን አልወጣኝም። አባት ሰክሮ ቢወድቅ ልጅ ልብስ ያለብሰዋል እንጂ ሰው ጠርቶ አያሳይም።"

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ መደባለቅ የለባቸውም አልኩ፤ አንደኛው ያስቃል ወይ ነው፣ ሁለተኛው ይገባል ወይ። "ደግሞም አባባ፣ መሪ አባት አይደለም። ሕዝብ የቀጠረው ሠራተኛ ነው።"

"ሠራተኛ ከሆነ አሰናብተው እስቲ" አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። ባለባጃጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አቦ መምህር፣ ከሁለቱ ጥያቄዎች በሩን የሚከፍተው የትኛው ነው?" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ አልሰደብኩትም እኮ። ሰው ፀሐይ ላይ ውሎ ሲመጣ የሚያጽናናው አጣ። እሱን አመጣሁላቸው፣ በቃ" አለኝ።

በሩን የሚከፍተው ሌላ ነገር ነበር። መርማሪው ለባለባጃጁ ቃል ገብቶለታል፦ የተሰጠውን የይቅርታ ጽሑፍ ካሜራ ፊት ካነበበ ቤቱ ይገባል። እሱም መግባት ነበረበት። አርብ የእህቱ ኒካህ ነው። አባታቸው ስለሞቱ ወሊዋ፣ ማለትም በቃሉ የሚድራት፣ እሱ ነው። ሌላ ወንድም የላትም።

ረቡዕ ጠዋት ወሰዱት። ግቢው መሀል ካለው ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ነበር። እኛ በበሩ ላይኛው ፍርግርግ ተደራርበን እናያለን። ወረቀቱን ይዞ፣ "የተከበራችሁ ኢትዮጵያውያን" ሲል ትከሻው ተነሳ፣ አገጩ ቀና አለ፤ ቀጥሎ ያ የታወቀው ረጅም ዝምታ ገባ። የመሪው ድምፅ ነበር። ካሜራ የያዘው ወጣት ሳቅ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ፤ ካሜራው ግን እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። መርማሪው ባለባጃጁን ይዞት ወደ ቢሮ ገባ። ባለባጃጁ ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ክፍላችን ሲመለስ አንድ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"ምን ነካህ?" አሉት አባባ።

"እኔ እንጃ። ድምፁ ራሱ መጣ።"

እኔ ላስተምረው ተነሳሁ። ለዚህ እንኳ እጠቅማለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ጽሑፉን በአጭር በአጭሩ ከፋፈልኩት፤ የት መተንፈስ እንዳለበት፣ ትከሻውን እንዴት እንደሚያላላ አሳየሁት።

"'የተከበራችሁ' በል። በራስህ ድምፅ።"

አለ። የመሪው ነበር።

"አይደለም፣ በራስህ።"

"የራሴ ነው ወላሂ!"

"የእሱ ነው።"

"አቦ መምህር፣ 'የተከበራችሁ' ሲባል ከእሱ ሌላ ከማን ሰምቼ አውቃለሁ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ቤታቸው የሚነገረው ሶማልኛ ነው። አማርኛን የለመደው ከመንገድ፣ ከተሳፋሪና ከጋራዥ ነው። በዚያ አማርኛ መከራከር፣ መቀለድ፣ ማፍቀር ይችላል። "ጥልቅ ጸጸት" የሚባለውን አማርኛ ግን የሰማው በርጫ ቤት ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ እዚያ የሚናገረው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ጸጸት ምን እንደሆነ ራሱ ጠይቆኛል። ነገርኩት። "እሱማ አለኝ" አለ።

እስኪመሽ ለፋን። እናትህን አስብ አልኩት፤ አይንህን ጨፍን አልኩት፤ በሹክሹክታ በል አልኩት። በሹክሹክታ ሲለው መሪው ምስጢር የሚነግረን መሰለ፤ ጥጉ ላይ የተኛ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ባለባጃጁም ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሐሙስ እንደገና ወሰዱት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረና ካሜራውን ቀና ብሎ አየ። "አቦ፣ ይቅርታ በሉኝ" አለ። "ቀልድ ነው። ሰው ደክሞት ነበር፣ ሳቀልኝ። ክፉ አላሰብኩም። የእህቴ ኒካህ ነገ ነው።" ድምፁ የራሱ ነበር።

"'አቦ' ትላለህ? ከጓደኛህ ጋር ነው የምታወራው?" አለ መርማሪው። "ወረቀቱን አንብብ!"

ወረቀቱን አነሳ። "የተከበራችሁ" አለ። ቧንቧው አጠገብ የቆመ አንድ ጠባቂ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ ከፍርግርጉ ጮኽኩ። "ጌታዬ፣ እያላገጠ አይደለም! ምክንያት አለው፣ ላስረዳዎት!"

መርማሪው እኔን ፍለጋ ቀና አለ። "አንተን እዚህ ያመጣህ ማስረዳትህ አይደል?" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "በሚቀጥለው ሳምንት እናያለን።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የምከፋፍለው ጥያቄ አጣሁ።

አርብ ጠዋት የምግብ ሰዓት ላይ አጎቱ በር ላይ መጡ። ወሊ መሄድ ካልቻለ ሌላ ሰው መወከል ይችላል፤ ውክልናውን የሚሰሙ ሁለት ሙስሊም ምስክሮች ፈልገው ነበር። አባባ አንዱ ሆኑ። ከቀረነው ውስጥ ሙስሊም የሆኑትን ሁለት ልጆች በዚያ ጠዋት ቃል ሊቀበሏቸው ወስደዋቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ። ባለባጃጁ ሸሚዜን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። እስከ አንገቱ ቆለፈው፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኛ፤ ጫማውን አጠለቀ። ከዚያ ምግቡን ለማስገባት በሩን የከፈተውን ጠባቂ፣ ትናንት ቧንቧው ጋ ፊቱን ያዞረውንና ሙስሊም መሆኑን የምናውቀውን፣ "አንተ ምስክር ሁነኝ" አለው።

"እኔ ተረኛ ነኝ። የለሁበትም።"

"ተረኛ ጆሮ የለውም?"

ጠባቂው ወደ ቢሮው አየ። በሩን ግን አልዘጋውም። ቆቡን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘና መሬት መሬት እያየ ቆመ።

ባለባጃጁ እጁን ዘርግቶ የአጎቱን እጅ ያዘ። በሶማልኛ ነበር የተናገረው፤ ድሬ ያደገ ሰው ስለሆንኩ ገባኝ። የአባቱን ስም ጠራ፣ የእህቱን ስም ጠራ፣ እሷን በእሱ ፋንታ እንዲድሯት አጎቱን መወከሉን ተናገረ። አልቸኮለም። ትከሻውም አልተነሳም። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ድምፅ ይኸው ነበር፤ ክብር ያለበት፣ የማንም ያልሆነ። ለካስ ነበረው። እኛ በምንፈልግበት ቋንቋ አልነበረም እንጂ። ምስክሮቹ ሰሙ፤ አጎቱ ፊታቸውን በሻላቸው ጠረጉ፤ በሩ ተዘጋ።

ከሰዓት ሌላ ጠባቂ ተረኛ ሆኖ መጣ። ፍርግርጉን በቁልፉ አንኳኳና፣ "ባለባጃጅ! እስቲ ያቺን ድምፅ!" አለ።

"ዛሬ አይሆንም" አለው፣ በሸሚዜ እንደተቆለፈ። "ሰርግ አለብኝ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ በዋስ ወጣሁ፤ አባባም ከእኔ ጥቂት ቀን ቆይተው ወጡ። ባለባጃጁን ያየሁት ከብዙ ወራት በኋላ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ነው፤ ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ በመስታወቱ አወቀኝ። ይቅርታውን አንብቦ ይሁን ሳያነብ የተለቀቀው አልጠየቅሁትም። እህቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረኝ።

አሁንም የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። አንዳንድ ቀን ወደ ክፍል ስገባ አንዱ ተማሪ የርዕሰ መምህሩን አነጋገር እያስመሰለ አገኘዋለሁ። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይልና ሁሉም ፊቴን ያያሉ፤ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ከፊቴ ሊያነቡ። በፊት ቢሆን ይህን በሁለት ጥያቄ ከፍዬ አስረዳቸው ነበር። አሁን ጠመኔውን አነሳና ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ፊቴ ላይ ምን እንዳለ እኔም አላውቀውም።