የአባቴ ግራ ቁርጭምጭሚት

አባቴን ተሳፋሪዎቹ «አልጋው» ይሉት ነበር። አውቶቡስ ሲያስነሳ የተኛ ሕፃን አይነቃም። ትንሽ ሳለሁ ምስጢሩ እጁ ላይ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን ከጫማው በላይ ያለውን አጥንት መታ መታ አድርጎ «ይቺ ናት የምታበላን» ይለኛል። የግራ እግር ፔዳሉ፣ ፍሪሲዮን፣ በጉልበት ይረገጣል፤ የሚለቀቀው ግን በቁርጭምጭሚት ነው፤ የተኛን ሰው ብርድ ልብስ እንደሚያለብሱት፣ ቀስ ተብሎ።

ሾፌር ሁሉ ከወንበሩ ዘሎ ነው የሚወርደው። ባለፈው ክረምት ሲዘል ግራ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፤ ተሰበረና ጀሶ ታሰረለት። ጀሶው ፔዳሎቹ መሀል አልገባ አለው። ሐኪሙ ካለው ጊዜ ቀድሞ ጓሮ ተቀመጠና በብረት መጋዝ ጀሶውን ራሱ ቆረጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ እግር እኮ ጎማ አይደለም፣ አይቀየርም!» ብላ እናቴ ጮኸች።

«መኪናዬን ለሌላ ሊሰጡብኝ ነው» አላት። መጋዙን አላቆመም።

አጥንቱ ገጠመ፤ መታጠፉ ቀረ። ማታ ማታ ትራስ ጠረጴዛ ሥር አስገብቶ ይረግጣል፣ ይለቃል። አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ «አልጋው፣ ወፍጮ ሆንክብን እኮ!» አለችው። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ወሬው ጋራዥ ደረሰና ለፈተና ጠሩት። ካለፈ መሪው ላይ ይቆያል፤ ከወደቀ በቃ። ምሳውን ይዤ ከኋላው ተቀመጥኩ። የጋራዡ አለቃ የድሮ ረዳቱ ነው፤ የአባቴን ፊት ማየት አልቻለም።

«ጋሼ፣ ዳገቷ ላይ ይቁሙና ወደ ኋላ ሳይሉ ያስነሱልኝ።»

አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሲደግመው አንዴ ወደ ፊት ዘለለና ሞተሩ ጠፋ።

«ጫማው ነው» አለ አባቴ፤ አወለቀው። ባዶ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። ባቱና እግሩ አንድ እንጨት ሆነዋል። ጉልበቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከሱ በታች የሚታዘዝ የለም። ሞተሩ እንደገና ጠፋ።

«አንዴ ልድገመው፣ ልጄ» አለው አለቃውን።

አለቃው «ጋሼ፣ እኔ ብሆን ኖሮ ያሳልፉኝ ነበር?» አለው።

አባቴ መሪውን ለቀቀ። «አላሳልፍህም» አለና ቁልፉን ነቅሎ ሰጠው።

ሲወርድ አልዘለለም። ፊቱን ወደ አውቶቡሱ አዙሮ፣ ብረቱን ይዞ፣ በመሰላሉ ወረደ።

ወደ ቤት በሌላ አውቶቡስ ተሳፈርን። ምሳው ጭኔ ላይ እንደተቋጠረ ነው። ሾፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር የአባቴ ግራ ጉልበት ከፍ ይልና ወለሉን ይረግጣል።

«ጥሩ ይነዳል» አልኩት።

«ያንገጫግጫል» አለኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ከፊታችን እናቱ ትከሻ ላይ የተኛ ሕፃን ነበር። አልነቃም።