ፊደል ያልቆጠረው በሬ

የቡሄ ሰሞን ነው። የጎረቤት ልጆች ደጅ ላይ ጅራፍ ያጮሃሉ። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነው፤ ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ትከሻዬ ይሸማቀቃል።

አባቴ መንዝ ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ንባብ ባንድ ላይ ይጮኹታል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ይሰማል። አንዱ ሲሳሳት «ድገም!» ይላል፤ አለንጋው ይከተላል።

አንድ ቀን ትምህርት ፈትቶ የገብስ ማሳውን ሲያርስ፣ ከአያቴ ጋር ቆሎ ይዘንለት ሄድን። ቦራ የምንለው በሬያችን ከትልሙ ወጣ።

«ድገም!» ብሎ ጮኸ አባቴ። ጅራፉን አሳረፈበት። «ድገም አልኩህ!»

ቦራ ቀንበሩን እንደተሸከመ ተንበረከከ። አባቴ ግን ጅራፉን ገልብጦ በእጀታው አፍንጫውን ይቀጠቅጠው ጀመር። የትኩስ ደምና የእርጥብ አፈር ሽታ ባንድ ላይ መጣብኝ። አያቴ ሮጠው ክንዱን ያዙት።

«በሬው ፊደል አልቆጠረ! ተማሪዎቹን እዚያው ትምህርት ቤት ትተሃቸው አትመጣም?»

አባቴ ጅራፉን ጣለው። «ያነባሉ፣ አባባ» አላቸው። «እርሻም ላይ ያነባሉ። ዝም አይሉልኝም።»

አያቴ የበሬውን ደም በጋቢያቸው ጠረጉ። «ጆሮ መቀርቀሪያ የለው፣ ልጄ» አሉ።

እኔም አስተማሪ ሆኛለሁ። ደጅ ላይ ጅራፉ እንደገና ይጮኻል። ጎመኑ አልቆ ቢላዋዬ መክተፊያውን ይመታል።

«ማንን ነው ድገም የምትይው?» ይለኛል ባሌ።

ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።