የመሪጌታ ባምላክ ድምፅ በሁለት ማጉያ

ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ድምፁን ግን አፈር ይበላዋል። የደምለው አባት መሪጌታ ባምላክ ድምፃቸውን አፈር ካልበላባቸው ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የሚካኤል ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ሲያልፉ፣ አንድ ካሴት ተዉ። ካሴቱን የቀዳው ደምለው ነው። ያኔ ጎልማሳ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል፣ ጢሙም ራሱም ነጭ ሆኗል። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ሲነግሥ፣ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት ያ ድምፅ በቅጥሩ ውስጥ ይለቀቃል። አሮጊቶች «መሪጌታ መጡ» ይላሉ። ደምለው ዓመቱን የሚገፋው ያችን «መጡ» የምትል ቃል ለመስማት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ድምፁ የሚወጣው ከአንድ ባለ አምፖል ማጉያ ነበር። አባትና ልጅ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ገዝተው በበቅሎ ያመጡት ነው። ሲበራ ከጀርባው ያሉት አምፖሎች እንደ ፍም ቀስ እያሉ ይቀላሉ፤ እስኪሞቅ መታገሥ ያስፈልጋል። መሪጌታ ባምላክ «ይኼስ እንደኔው ነው፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አያዜምም» ይሉት ነበር።

ዘንድሮ አዲስ አበባ ያሉ የደብሩ ተወላጆች አዲስ ማጉያ ላኩ። ከአንድ ዳዊት ብዙም የማይከብድ፣ ሲነኩት ቀዝቃዛ፣ እንደበራ ወዲያው የሚናገር ዕቃ ነው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አስማማው እህል ነጋዴ ነው፤ ነገር አያስረዝምም። ደጀ ሰላሙ ላይ ደምለውን አስቆመው።

«ጋሽ ደምለው፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያ ዕቃዎ በበራ ቁጥር ዘበኛችን ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ሃይማኖቱ ጸንቶ እንዳይመስልዎት፤ ቤቱ ይቃጠላል ብሎ ነው።»

«በአዲሱ ከወጣ የአባቴ ድምፅ አይደለም» አለ ደምለው። «ቆርቆሮ ነው።»

«ለእኔ ጆሮ አንድ ነው።»

«ያንተ ጆሮ የተለማመደው የጤፍ ዋጋ ነው!»

የቆሙት ሳቁ፤ አስማማውም አብሮ ሳቀ። ደምለው ግን አልሳቀም። ዕድሜ ልኩን ልጆችን «ሳትፈትኑ አትመኑ» ሲል የኖረ ሰው ነው። «በመጋረጃ እንስማ» አለ። «የትኛው እንደሚናገር ሳላይ ልስማ። ካልለየሁ አሮጌውን በገዛ እጄ አወጣዋለሁ። ሚካኤልን!» በዚህ አገር ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ የማለ ሰው መመለሻ የለውም። ደምለውም መመለሻ አልፈለገም፤ የአባቱን ድምፅ የማይለይ ጆሮ በራሱ ላይ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ለፈተናው በተቀጠረው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰበካው አዳራሽ መጋረጃ ተወጠረ። ሁለቱ ማጉያዎች ከመጋረጃው በስተጀርባ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ድምፅ ማውጫው ሞንታርቦ አንድ ብቻ ነው፣ ድምፁ በየተራ ከሁለቱ እየተቀበለ እንዲወጣ። ከመጋረጃው ጀርባ የምትሠራው በከተማው ሒሳብ የምታስተምረው የደምለው ልጅ የኔአለም ነበረች። ሕዝቡ ሳይገባ አባትና ልጅ የሁለቱን ድምፅ ሊያስተካክሉ ተቀመጡ። ጆሮ ጎላ ያለውን የተሻለ እያለ ይሳሳታልና፣ ልኩ እኩል ካልሆነ ፈተናው ፈተና አይደለም።

የኔአለም የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር በሞንታርቦው ሽቦ ላይ ይዛ ቁጥሩን አየች። ከዚያ የአሮጌውን ማጉያ የድምፅ መዘውር አየች።

«አባዬ፣ ይኼን ያህል ከፍ አድርገህ ነው እንዴ የምትለቀው?»

«ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

«የአያቴ ቀይ ነጥብ እኮ እዚህ ነች።»

መዘውሩ ዳር ላይ አንዲት የቀለም ነጥብ አለች። መሪጌታ ባምላክ የራሳቸውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ዕለት «በቃ፣ ይኼ ልኬ ነው» ሲሉ ደምለው ያስቀመጣት ነች። አሁን መዘውሩ ነጥቧን አልፎ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቆሟል። ማን እንዳዞረው ደምለው ያውቃል፤ ከእሱ ሌላ የሚነካው የለም። መቼ እንዳዞረው ግን አያስታውስም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መሆን አለበት፤ ሰው እንደሚያረጀው፣ ሳይታወቀው።

«እንዳለ እንተወው?» አለች ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይሆንም። ወደ ነጥቡ መልሽው። አዲሱንም በዚያው ልክ አድርጊው።»

ሕዝቡ ሲገባ መጀመሪያ የሰሙት መሪጌታ አበባው ናቸው፤ ወጣትና ሙግት ወዳድ የዜማ መምህር። ሁለት ጊዜ ሰምተው ጣታቸውን ቀሰሩ። «በኋለኛው ላይ መሪጌታ ባምላክ አንዲት የዜማ ርክርክ ጨምረዋል።»

«የኔታ፣ ካሴቱም አንድ፣ ቦታውም አንድ ነው» አለች የኔአለም ከመጋረጃው ጀርባ።

«እንግዲያው ማጉያው ነዋ የጨመረባቸው!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቀጥሎ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ተጠሩ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን የወሰደባቸው፣ ከደምለው ጋር አብረው ያደጉ፣ የመሪጌታ ባምላክ ደቀ መዝሙር ናቸው። ሁሉም ፍርዱን ከእሳቸው ይጠብቅ ነበር። ካሴቱ ተለቀቀ። የመሪው ድምፅ ተማሪዎች ከሚቀበሉበት ቦታ ሲደርስ፣ ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና ተቀበሉ። የኔአለም ማጉያውን ቀይራ ከመነሻው አሰማች፤ ከዚያችው ቦታ ሲደርስ አሁንም ተነሥተው ተቀበሉ።

«የኔታ፣ የቱ ተሻለ?» አለ አስማማው።

«ምኑ?»

«ማጉያው ነዋ!»

«ማጉያ ነበረ እንዴ?» አሉ ኃይለ ሚካኤል።

በዚህኛው የሳቀ የለም።

ደምለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ከመጋረጃው ጀርባ የኔአለም ባቄላና ሽንብራ ከተቀላቀለበት ከረጢት ሳታይ አንዷን ታወጣለች፤ ባቄላ ከሆነ አሮጌውን፣ ሽንብራ ከሆነ አዲሱን ታሰማለች። አባቷ ካወቀ ፍሬዋን በአንደኛው ብርጭቆ፣ ከሳተ በሁለተኛው ትጥላለች። የፍሬው ድምፅ እንዳይነግረው ብርጭቆዎቹ ጨርቅ ተነጥፎባቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይመልስ ነበር። «አሮጌው። አዲሱ። አሮጌው።» ቆይቶ መዘግየት ጀመረ። አንዴ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ማለዳ ሞቅ ብሎ ሲመጣበት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ይኼ ነው፤ ይኼ የኛው ነው» አለ። የኔአለም በጣቶቿ መካከል ያለችውን ሽንብራ አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

ሲያልቅ ሁለቱን ብርጭቆዎች ይዛ ወጣች። በሁለቱም ያለው ፍሬ እኩል ነበር።

«ሳንቲም ብወረውርም ያው ነበር ማለት ነው» አለ ደምለው።

አስማማው ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «ጋሽ ደምለው፣ የንግሡን ዕለት እንኳ በአሮጌው ይሁን። ማንም ምንም አይልም።»

«ቃሌን የሰጠሁት ደጀ ሰላም ላይ ነው፤ አንተም ሰምተሃል።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኃይለ ሚካኤል የደምለውን ክንድ ይዘው ይራመዱ ነበር። የስንዴው ማሳ ግራና ቀኝ ለአጨዳ ደርሷል።

«ዛሬ ምን ሰማህ?» አሉት።

«አባቴን።»

«በየትኛው?»

«በሁለቱም።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ?»

ደምለው ጥቂት ሄደና ቆመ። «ጆሮዬ» አለ። «አባቴ በየዓመቱ ከእኔ ሲርቁ፣ እኔ መዘውሩን ይዤ ስከተላቸው ኖሬያለሁ። አሮጌው ደግ፣ አዲሱ ክፉ ይመስለኝ ነበር። ለካ አሮጌውን የሚያስጮኸው የገዛ እጄ ነው።»

ኃይለ ሚካኤል ክንዱን ጠበቅ አድርገው ያዙት። በጆሮ ብቻ የሚኖሩ ናቸውና፣ ጆሮ ሲሄድ የሚጎድለውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ቀስ በል» አሉ፤ ስለ መንገዱ ይሁን ስለ ሌላ ደምለው አልጠየቀም።

በማግስቱ አሮጌውን ማጉያ በነጠላ ጠቅልሎ፣ የአስማማውን ሰዎች «አትንኩ» ብሎ፣ እየተደገፈም እያረፈም ራሱ ተሸክሞ አወጣው።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቅጥሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። የኔአለም አዲሱን ማጉያ በቴስተሩ ለክታ በአያቷ ልክ አቆመችውና ካሴቱን ለቀቀች። ከሴቶቹ ወገን «መሪጌታ መጡ» ሲባል እሷ ሰማች። ደምለው ከጥዱ ሥር መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የአሮጊቶቹን ከንፈር አየ እንጂ ቃሉን አልሰማም፤ የአባቱም ድምፅ ከተራራ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ስልል ብሎ ነው የደረሰው። የኔአለም ፊቱን አይታ ሮጣ መጣች፤ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ ልጨምርልህ?»

ደምለው ወደ ማጉያው አየ፤ እጁም እንደ ልማዱ ሊነሣ ቃጣ። ከዚያ መልሶ መቋሚያውን ጨበጠ።

«እንዳለ ተይው። አባቴ ልኬ ነው ያሉት እዚህ ነው። እኔ እጠጋለሁ።»

ሕዝቡም መንገድ ለቀቀለት።